ሲስተር ሐዋ እና የሰላምታው ሒሳብ

ሲስተር ሐዋ ካረፈች ዓመት አለፋት፤ ሰው ግን ዛሬም ደውሎ እሷን ይጠራል። የክሊኒካችን ስልክ የሚቀመጠው ከእኔ ከካሸሩ መስኮት ሥር ነው። ሲጮኽ አነሣለሁ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሐዋ ናት?» ይላል ከግራና ከተማ ወይም ከሐራ በኩል ያለ ሰው። «ሐዋ ወደ አኼራ ሄዳለች፤ ሌላ ነርስ ላገናኝዎት?» እላለሁ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ዱዓ ያደርግላታል፤ እኔም ክርስቲያኑ አሜን እላለሁ። ብዙዎቹ የራሳቸውን ሕመም ትተው ስለ እሷ ይነግሩኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ እሷ አውርተውኝ፣ ለምን እንደደወሉ ረስተው ዘጉት። መልሼ ደወልኩላቸው፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ኖሯል።

ይህን የምጽፈው ስላዘንኩ ብቻ አይደለም፤ ስለምኮራባት ነው። ደግሞም በታሪኳ ውስጥ ጥፋቱ የእኔ የሆነበት አንድ ቦታ አለ፤ ሌላ ሰው አዛብቶ ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምላት። ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ አንቱታው እሷን ከእኔ አርቆ ያስቀምጥብኛል።

ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሀብሩ ወረዳ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ብዙ ዘመን አገልግላ ጡረታ ስትወጣ፣ ዶክተር ናሆም መርሳ ላይ በከፈተው ክሊኒክ ተቀጠረች። «ቤት ብቀመጥ ጎረቤቱን ሁሉ መርፌ ስወጋ እውላለሁ፤ እዚህ ብሠራ ለሁላችንም ይሻላል» አለች የመጀመሪያው ቀን። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ድምጿ ሻከር ያለ ሴት ነበረች። ከነጭ ጋውኗ ሥር ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሹራብ ትለብሳለች፤ በሻሿ ውስጥ ደግሞ እስክሪብቶ ሰክታ ትረሳለች። «ዓለሙ፣ እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው?» ትለኛለች። «ራስዎ ላይ ነው ሲስተር» እላታለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደተባባልን አለመቁጠሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም እኔ መቁጠር የምወድ ሰው ነኝ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህርት ሆና ስትመደብ ተከትያት መርሳ ገባሁ። የአገሩን ሰው ወግ ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ከመልመዴ በፊት ነው ያጠፋሁት።

ሲስተር ሐዋን ስልክ ስታናግር ማየት ነበር። ቀፎውን ግራ ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ታነሣለች። ያ እጅ ሳይወርድ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ዶክተሩም ቢሆን። «በስልክ ዓይን ሥራ የለውም፤ ይረፍ» ትል ነበር። «ሰው ሲታመም ከሁሉ በፊት የሚታመመው ድምፁ ነው» የምትለውም አባባል ነበራት። ፎቶ የመጣ ጊዜ ግን ዓይኗም ቀላል አልነበረም። አንዲት እናት የልጇን ጀርባ ሽፍታ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ብትልክ፣ እኔና ዶክተሩ ሽፍታውን እናያለን፤ ሲስተር ሐዋ ከፎቶው ጥግ፣ ከልጁ ኋላ የቆመችውን ጠርሙስ አየች። «ይቺ የከብት መዥገር መድኃኒት ናት። ልጁን በዚች አጥባው እንዳይሆን» አለች። ብንደውል እውነትም አጥባዋለች። ወዲያው በስልክ ልጁን በውኃና በሳሙና አሳጠበቻት፤ በማግሥቱ እናትየዋ ልጁን ይዛ መጣች፤ ሲስተር ሐዋ ሴትዮዋን አልተቆጣቻትም። ለልጁ ቅባት ሰጥታ፣ ጠርሙሷን የት እንደምትሰቅላት ስትመክራት ሰማሁ።

የስልክ ሕክምናውን ማንም አቅዶ አልጀመረውም። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ መንገድ ሲከፈት ነዳጅ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲገኝ የባጃጁ ዋጋ አይቀመስም። ሰው መርሳ ድረስ ከመምጣት መደወል ጀመረ። የስኳር ታካሚው ልኬቱን በስልክ ይናገራል፣ የመድኃኒት ካርቶን ፎቶ ይላካል፣ ሲስተር ሐዋ ሰምታ ከዶክተሩ ጋር ትመክርና መልሱን ትነግራለች። መምጣት ያለበትን «ዛሬውኑ ና» ትለዋለች። ይህ ሁሉ በነፃ ነበር።

ዶክተር ናሆም ክፉ ሰው አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ይቸኩላል፣ ልቡ ግን ቀና ነው። አንድ ቀን ጠርቶኝ «የቀኑን ግማሽ ስልክ ላይ እየዋልን ነው። እዚህ ድረስ የመጣው ሰው ካርድ አውጥቶ፣ ከፍሎ፣ ተራ ይጠብቃል። ስልኩ ወጪውን ካልቻለ እዘጋዋለሁ» አለኝ። ዋጋ አውጣለት ተባልኩ።

አወጣሁ፤ በደቂቃ። ስልኩ ከተነሣ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ። ከመስኮቴ ትይዩ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቀልኩ፣ የጥሪ መዝገብ አሰመርኩ፣ ማስታወቂያውን በሰፊ ወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሰው ለገበያ ሲመጣ ይከፍላል፤ የማይመጣ በሞባይል ይልካል። ብዙ ያወራ ብዙ ይክፈል፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የለም ብዬ ነበር። ሲስተር ሐዋ ቆማ አነበበችው።

«በደቂቃ?» አለችኝ።

«በደቂቃ» አልኳት።

«አንተ የእኛን አገር ሰው ስልክ ሲያወራ ሰምተኸው ታውቃለህ?» ብላኝ ሄደች።

መልሱን በሳምንቱ አገኘሁት። ሐራ አጠገብ የሚኖሩ አያ ይመር የሚባሉ የደም ግፊት ታካሚ ሽማግሌ ደወሉ። ስልካችን ድምፁ ጮኽ ያለ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው እኔም ከመስኮቴ ሆኜ እሰማለሁ። ሰዓቴን አይቼ ጀመርኩ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ ሐዋ። እንደምን ሰነበትሽ? አማን ነሽ ወይ? ቤቱስ? ልጆቹስ?»

«ወአለይኩም ሰላም አያ ይመር፤ አልሀምዱሊላህ። እርስዎ እንደምን ነዎት? ባለቤትዎስ? ማሽላው እንደምን ይዟል? ላሚቱ ወለደች?»

ላሚቱ ወልዳ ኖሯል። ወንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ዝናቡ ዘግይቶ እንደጣለ ተነገረ። ከዚያ ዱዓ ሆነ፤ ለሲስተር፣ ለዶክተሩ፣ ለክሊኒኩ ግድግዳ ሳይቀር። ዘጠኝ ደቂቃ ሲሞላ አያ ይመር «ያ ክኒን አለቀ፤ ያንኑ ልግዛ ወይ?» አሉ። ስለ ልኬታቸው ጠየቀቻቸውና «ያንኑ ይግዙ» አለቻቸው። እሱ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ለገበያ የመጡ ዕለት ሒሳባቸውን ነገርኳቸው።

«ይህ ሁሉ የምኑ ነው?» አሉ።

«የስልኩ ነው አባቴ። አሥራ አንድ ደቂቃ አውርተዋል።»

«ስለ ክኒኑ ጠየቅሁ እንጂ ምን አወራሁ?»

«ስለ ላምዎም ተነጋግራችኋል።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያማ ለላሚቱም ካርድ አውጡላትና አክማችሁ ስደዷት» አሉ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አያ ይመር ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸውና ቆጥረው ከፈሉ፤ ሲወጡ ግን «ሁለተኛ ሰላም ሳልል ነው የምደውለው» አሉ።

ሲስተር ሐዋ ከመርፌ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። መጥታ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለችና «ሰላምታ ሸጥክ» አለችኝ።

«ዋጋውን ያጸደቀው ዶክተሩ ነው ሲስተር።»

«እሱስ አዲስ አበባ ነው ያደገ። አንተ ያደግህበት አገር ሰላም አይባባሉም?»

ማስታወቂያውን ግን አላነሣሁም።

ክፉ ወሬ ሀብሩን ለማዳረስ ስልክ አያስፈልገውም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰው ሁሉ ንግግሩን አሳጠረ። «ሲስተር፣ ያስለኛል፤ ሦስት ቀኔ ነው» ይልና መልሱን ሰምቶ ጥርቅም። ዶክተሩ ደስ አለው፣ እኔም መዝገቤን እያየሁ ደስ አለኝ። ሲስተር ሐዋ ብቻ ከስልኩ በተነሣች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። «ሕመሙን ይነግሩኛል፤ ሰውየውን ግን አልሰማውም» አለችኝ አንድ ቀን። የጡረተኛ ምሬት መሰለኝ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ከግራና ወዲያ የምትኖር ዘምዘም የምትባል ልጅ እግር ሴት ደወለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ ካርዷ እኛ ዘንድ ነው። «ሲስተር፣ ራሴን ያመኛል። የራስ ምታት ክኒን ብውጥ ይጎዳኛል?» አለች።

«ዘምዘሜ፣ እንደምን ነሽ አንቺ? ቤቱ...» ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ተዘጋ። አንድ ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ።

ሲስተር ሐዋ ቀፎውን እንደያዘች ቀረች። መልሳ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ሁለተኛ ደወለች። ሦስተኛ ደወለች።

«ስልኩን ጥላው ወጥታ ይሆናል» አልኩ።

«አሁን በእጇ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። ካርዷን አስወጣችኝና የባሏን ቁጥር አየች። ሰይድ ይባላል። አውድማ ላይ ነበር፤ ከኋላው የሚወቁት ሰዎች ጩኸት ይሰማል። እሷ አፏን ሳትከፍት ቀደማት።

«ሲስተር፣ አሁን ገንዘብ የለኝም። ማሽላው ሲሸጥ እከፍላለሁ።»

«ገንዘብ ማን ጠየቀህ? ዘምዘም ለምን አታነሣም?»

«እናንተ ስትደውሉም ያስከፍላል ብለው ነግረውን ነው። ባነሣነው ቁጥር ይጨምራል ብለን ነው።»

ይህን ስሰማ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ማስታወቂያዬ ላይ ስልኩ ከተነሣ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ብያለሁ፤ እኛ የደወልነው አይከፈልበትም የሚል ግን አልጻፍኩም። ሰው ከሐኪም ስልክ ይሸሻል ብዬ በምን ላስብ!

የሲስተር ሐዋ ድምፅ አልተለወጠም። «ስማኝ ሰይድ። የዚህ ስልክ ሒሳብ በእኔ ነው፤ ወላሂ በእኔ ነው። ሩጥና ስልኩን ስጣት» አለችው። ቀኝ እጇን አነሣች። የሰውየው ትንፋሽና የእግሩ ኮቴ በስልኩ ውስጥ ሲሰማ ቆየ፤ ከዚያ የዘምዘም ድምፅ መጣ።

«ደህና ነኝ ሲስተር። ራሴን ነው ትንሽ።»

«አብሽሪ፤ ራስሽን እንመጣበታለን። እናትሽ መጥተው አገዙሽ ወይ?»

«መጥተዋል፣ አልሀምዱሊላህ።»

«ማሽላውስ አማረ?»

«እነሱ አማረ ይላሉ። እኔ ምኑን አየሁት፤ ከትናንት ወዲህ ዓይኔን ጭጋግ ይዞታል። የምድጃ ጭስ ነው ብዬ...»

ሲስተር ሐዋ ዓይኗን ገለጠች። ስልክ ይዛ ዓይኗን ስትገልጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ንግግሯ ግን ያው የጎረቤት ጨዋታ ነበር። «ያ የሠርግሽ ጫማስ ዛሬም ይሆንሻል?»

«የምን ጫማ፤ እግሬ አብጦ የሰይድን ነው የምጎትት» አለችና ሳቀች።

«እህሉስ ይበላልሻል?»

«ከጎድኔ ሥር ያቃጥለኛል። እህል ማየት አልፈልግም።»

በእጇ ምልክት ስትሰጠኝ ሮጬ ዶክተሩን ጠራሁ። በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ቃል ጽፋ አሳየችው፤ ፊቱ ተለወጠ። የእርግዝና የደም ግፊት ነው አለኝ በኋላ፤ ከጭጋጉ ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው፤ እናትና ልጅ አብረው የሚሄዱበት ነው። ዶክተሩ በራሱ ስልክ አምቡላንስ መለመን ጀመረ። ሲስተር ሐዋ ባልየው ባጃጅ እንዲፈልግ፣ ዘምዘም በግራ ጎኗ እንድትተኛ፣ እናቷ አብረዋት እንዲመጡ ታዛለች፤ በመካከሉ ዘምዘምን ታጫውታታለች። ሴት ከሆነች ማን ትባል ተባባሉ። ባጃጁ ውስጥም ስልኩ አልተዘጋም። በመካከል የዘምዘም ድምፅ ሲሳብ «አናግሪኝ የኔ እመቤት፣ አትተኚብኝ» ስትላት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ያኔ ፈራሁ። ልጅቱ ብትሞት የገደላት ያ የለጠፍኩት ወረቀት መሆኑን አውቄያለሁ።

ባጃጁ በራችን ላይ ደረሰ፤ ዶክተሩ መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን መርፌ እዚያው ወጋት፤ አምቡላንሱ ከኋላ መጣ። ሲስተር ሐዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ አብራት ወልድያ ሄደች። ዘምዘም በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሕፃኗ በጣም ትንሽ ነበረች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። በማግሥቱ ጠዋት ሲስተር ሐዋ በተጨማደደ ጋውን ሥራ ገብታ «ዓለሙ፣ እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው?» አለችኝ። ወደ ራሷ ጠቁሜ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጎበዝ ነርስ ነበረች ብዬ በተውኩት። ወሩ አለቀና ደመወዟን ልሰጣት ፖስታውን በመስኮቱ ዘረጋሁ። እጇን አልሰደደችም።

«ቀነስከው?» አለችኝ።

«ምኑን ሲስተር?»

«የዘምዘምን ስልክ። በእኔ ነው ብዬ ምያለሁ።»

«እባክዎ አያሳፍሩኝ። ያንን ማን ያስከፍልዎታል?»

«ማስታወቂያህ በሩ ላይ አለ። አያ ይመር ከፍለዋል። ለእኔ ሲሆን ይቀራል?»

ሦስት ቀን ደመወዟን አልወሰደችም። በሦስቱም ቀን ሰላምታዋን አላጓደለችብኝም፤ ስለ ባለቤቴ ጉንፋን፣ ስለ ልጆቼ ፈተና ጠየቀችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ተሸነፍኩ። ያ ስልክ የፈጀውን አርባ አንድ ደቂቃ አስልቼ ቀነስኩ፣ በደመወዝ መክፈያው ላይ ምክንያቱን ጻፍኩ። ፈረመችና «አሁን ቃሌን አወጣሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መክፈያው ለፊርማ ዶክተሩ ዘንድ ሲደርስ አስጠራኝ። «ይህ ተቀናሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘምዘም ስልኩን ያላነሣችው በእኔ ማስታወቂያ ምክንያት መሆኑን ጭምር። እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር። መክፈያውን ደግሞ አየና «ከአርባ አንዱ ውስጥ ሰላምታው ስንት ነው? እሱን እንመልስላት» አለኝ።

ልቆጥር ሞከርኩ። ማሽላው ሰላምታ ነው? ጫማውስ? «ዶክተር፣ የትኛው ሰላምታ፣ የትኛው ምርመራ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም» አልኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደና ማስታወቂያዬን በእጁ ላጠው።

አዲሱን ዋጋ ሦስታችን ተቀምጠን አወጣን። «በሽታው አንድ ከሆነ ሒሳቡም አንድ ይሁን» ያለችው እሷ ናት። ለአንድ ጉዳይ አንድ ዋጋ፣ ቢያጥርም ቢረዝምም፤ እኛ የደወልነው በነፃ። «ወጪውን ባይችልስ?» አለ ዶክተሩ። «ካልቻለ ትዘጋዋለህ፤ እኔም ቤቴ እገባለሁ» አለችው ረጋ ብላ። ቻለ። ሰው ሳይፈራ ቶሎ ስለሚደውል ስልኩ ከራሱ አልፎ ተረፈ። ዛሬም በዚያው ነው የምንሠራው፤ ከወልድያ ሳይቀር ክሊኒክ የከፈቱ ሰዎች መጥተው ሕጉን ገልብጠው ሄደዋል። የማን ሐሳብ ነው ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ስሟን ነገርኳቸው። የተቀነሰውን ገንዘብ ብመልስላት ግን እምቢ አለች። «ለምን እንዲህ ይከብድብዎታል?» ብላት «አንተ ገንዘብ ያዥ ሆነህ አታውቅም? የቀረ ሒሳብ ይዤ መሄድ አልፈልግም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት አብረን ሠራን። ልቧን አሟት ጥቂት ሳምንት ተኝታ አረፈች። የቀብሯ ዕለት መርሳ ሱቁን ዘጋ። ከግራናም ከሐራም በአይሱዙ ተጭኖ የመጣውን ሰው መስጊዱ ስላልቻለው ሶላቱ ሜዳ ላይ ሆነ። እኛ ክርስቲያኖቹ ከኋላ ቆምን። ከመስገዳቸው በፊት ወንድሟ ወደ ፊት ወጣና እንደ ወጉ፣ «ሐዋ ዕዳ ያለባት፣ የሰው ሐቅ የያዘች ከሆነ አሁን ይነገረን፤ እኛ እንከፍላለን» አለ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አለባት ብሎ የወጣ የለም። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቦታዬም አልነበረም። ግን የክሊኒኩን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ «የለባትም» አልኩ።